የዳበሬ ዓሣ

ሸዋገነት መጠበቅ አይሆንላትም። አውቶቡስ ከዘገየ በእግሯ ትጀምራለች፤ ሰው ወሬ ሲያረዝም መጨረሻውን ቀድማ ትናገርለታለች። አለማያ እርሻ ኮሌጅ ሳለች ፈተናዋን ከሁሉ በፊት አስረክባ ስትወጣ ጓደኞቿ «ከኋላሽ ጅብ አለ እንዴ?» ይሏት ነበር። ተመርቃ የተወለደችበት አምቦ ስትመደብ፣ በመሥሪያ ቤቱ ስለ ዓሣ የተማረ ሌላ ሰው አልነበረምና ገበሬውም ባልደረባውም «የዓሣ ሐኪሟ» ይላት ጀመር። ስሙን አልጠላችውም።

የመጀመሪያ ኩሬዋ የተቆፈረው በደንዲ፣ ከጊንጪ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኘው የቆሬ ገበሬ ማኅበር ነው። ቦታውን የመረጠችው ራሷ ናት። ጨፌ ነበር፤ በበጋ ዙሪያው ሁሉ ሲደርቅ ብቻውን ለምልሞ የሚከርም ረግረግ የሣር መሬት። ሥሩ ሸክላ አፈር ስለሆነ ውሃ አያሰርግም። ጨፌውን ማኅበሩ ያደለው ሽታዬ ለምትባል ባሏ ለሞተባት ሴት ነበር። ሽታዬ ከአንዲት ላም በቀር ሌላ ከብት የላትም፤ ላሚቱም በጋውን የምትወጣው በዚያ ሣር ነው።

«ላሜ ምን ትብላ?» አለች ሽታዬ፣ ለኩሬው መሬት ሲለካ።

«አንድ ዓመት ይታገሡ፣ አዴ ሽታዬ» አለች ሸዋገነት። «በዓመቱ ክንድ የሚያህል ዓሣ ነው የሚወጣው። የመጀመሪያው ድርሻ የእርስዎ ይሆናል።»

«እኔ ዓሣ አልበላም። እባብ እባብ ይለኛል።»

«አይብሉታ፤ ይሽጡት። አምቦ ያለው ሆቴል ሁሉ ይሻማበታል።»

ሽታዬ የማኅበሩን ሊቀመንበር ኦቦ ኤጄታን አየችው። ኤጄታ «ተምራለች፣ እንመናት» አለ። ነገሩ በዚያው አለቀ። ላሚቱ እጃጂ ወዳለው የሽታዬ ወንድም በዳበሬ ሄደች።

ዳበሬ የቆየ የአገሩ ደንብ ነው። ሣር ያጣ ሰው ከብቱን ሣር ላለው ይሰጣል፤ ተቀባዩ ወተቱን ይጠጣል፣ ላሚቱና ጥጃዋ ግን የባለቤቱ ናቸው። የዳበሬ ከብት አይሸጥም፣ አይታረድም፣ «በዛብኝ» ተብሎም ከበረት አይባረርም። እንዲህ ያደረገ ሰው ሽማግሌ ፊት ቢቆም ቃሉን የሚሰማው የለም። ለሽታዬ በላሚቱ ፈንታ ዓሣዎቹን የመቀለብ ሥራ ተሰጣት፤ ጠዋትና ማታ ከማኅበሩ መጋዘን ፉርሽካና ፋጉሎ እየወሰደች ውሃው ላይ መበተን።

ሸዋገነት ለገበሬዎቹ ትምህርት በሰጠችበት ቀን ከሁሉ አስበልጣ የተናገረችው ስለ ብዛት ነበር። ለአንድ ካሬ ሜትር ውሃ ሁለት ጫጩት። ከዚያ ካለፈ ምግቡም አየሩም አይበቃም፤ ቆሮሶ የሚባለው ይህ ዓሣ ሲጨናነቅ ማደጉን ትቶ ይቀጭጫል ብላ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥላ አሳይታለች። ያስተማረችው ግን በአማርኛ ነው። የእናቷ ቋንቋ ኦሮምኛ ቢሆንም እሷ ለገበያና ከገበሬው ጋር ለአጭር ወሬ ካልሆነ አትናገረውም ነበር። ከፊት ለተቀመጡት ጥቂቶች ገባቸው፤ የቀሩት ሥዕሉን አዩ።

በግንቦት ጫጩቶቹ በበርሜል ሆነው ከዝዋይ በጭነት መኪና መጡ። ለሁለት ኩሬ የሚሆኑ ነበሩ፤ ግማሹ ለቆሬ፣ ግማሹ ከወንዝ ማዶ ላለው ለኦቦ ፈየራ ማኅበር። የቆሬ ኩሬ ጢም ብሎ ሞልቷል። የማዶው ግን አፉን ከፍቶ ባዶውን ተቀምጧል፤ አፈሩ አሸዋማ ነበርና የገባበት ውሃ ሁሉ ሰርጎ ጠፍቷል። ፈየራ ይህን ሊናገር የመጣው መኪናው ከደረሰ በኋላ ነው።

ሾፌሩ አሻግሬ የአንዱን በርሜል ክዳን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ። «እህቴ፣ እነዚህ አፋቸውን ወደ ላይ ማድረግ ጀምረዋል። የምታደርጊውን ቶሎ አድርጊ» አላት።

መደረግ ያለበት ግልጽ ነበር፤ የማዶውን ድርሻ ደንዲ ሐይቅ ድረስ ወስዶ መልቀቅ። መንገዱ ግን አቀበት ነው፤ ደርሶ መመለስ ማለት ጊንጪ ማደር ማለት ነው። ባለፈው ጊዜ ጊንጪ ባደረችበት አልጋ የቁንጫው ንክሻ ገና ከክንዷ አልጠፋም። ሌላ ምክንያት አልነበራትም። በኋላ የተሻለ ምክንያት ስትፈልግ ብዙ ከርማለች፤ አላገኘችም።

መላውን ያመጣው ፈየራ ነው።

«ኦቦ ኤጄታ፣ እናንተ ጨፌ አላችሁ፣ እኛ የለንም። ኩሬያችን እስኪሞላ የኛን በዳበሬ ያዙልን።»

ሰው ሳቀ።

«በዳበሬ ከሆነ ወተቱ የኛ ነው» አለ ኤጄታ።

«እለብና ጠጣ፤ ማን ከለከለህ? ጥጃውን ብቻ እንዳትደብቀኝ።»

እንደገና ተሳቀ። ኤጄታ ግን ሳቁ ሳያልቅ ወደ ሸዋገነት ዞረ። ሽማግሌ ነው፤ በዕድሜው ስንት ጨፌ በከብት ብዛት ጭቃ ሲሆን አይቷል።

«ልጄ፣ ጨፌ ሁለት መንጋ አይችልም። ሣሩ ያልቅና ሁለቱም መንጋ ይከሳል። ይህስ እንዴት ነው?»

የጠየቃት ራሷ በሰሌዳ ላይ የሣለችውን ነበር። «እንዳሉት ነው» ብትል ሁሉም ይገባቸው ነበር፤ ፈየራም አይቀየም፣ ጫጩቱም መኪና ላይ ይቀር ነበር። እሷ ሰዓቷን አየች።

«ኦቦ ኤጄታ፣ ውሃ መስክ አይደለም፤ ዓሣም ሣር አይግጥም» አለች። «ደግሞም ለጊዜው ነው። ይገልበጥ።»

በርሜሉ ሁሉ ተገለበጠ። ማታ አምቦ በገዛ አልጋዋ ተኛች።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሸዋገነት መረብ ይዛ መጣች። የወጡት ዓሣዎች ጭንቅላታቸው ተልቆ ገላቸው የሳሳ፣ ከመጡበት ቀን ብዙም ፈቅ ያላሉ ነበሩ። አንዱን መዳፏ ላይ አገላብጣ አየችና ቶሎ ወደ ውሃው መለሰችው። የማዶው ኩሬ ክረምቱን ሙሉ ዘንቦበትም ውሃ አልያዘም።

«ግማሹ ቢወጣ ጥሩ ነበር» አለችው ለኤጄታ፣ ነገሩን እንደ ዋዛ አስመስላ።

«የትኛው ግማሽ?»

«የትኛውም ይሁን።»

«የኛና የፈየራ አንድ ላይ ነው የሚዋኘው። የማንን እንደማወጣ በምን አውቃለሁ? የዳበሬ ከብት ከበረት አውጥቼ ሜዳ ላይ ልልቀቅ?» ኤጄታ ትንሽ አሰበ። «ካልወጣ ይጎዳል ካልሽ ግን ፈየራን እጠራዋለሁ። አንቺ ምክንያቱን ትነግሪዋለሽ፤ እሱም ይፈቅዳል።»

ምክንያቱን ለመናገር በግንቦት ያለችውን መብላት ነበረባት። ሰው የፈለገውን ያህል ቢማር የገዛ ቃሉ ሲበላ ይመራል።

«ተዉት» አለች። «ብርዱ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ያድጋሉ።»

ፀሐይ ወጣች፤ ዓሣዎቹ ባሉበት ቀሩ። ይባስ ብሎ ጠዋት ጠዋት ከውሃው በላይ አፋቸውን እያወጡ ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር። ሸዋገነት ይህን ስትሰማ ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀች፤ ተጨናንቀው ሲያድሩ የውሃው አየር ያልቅባቸዋል፣ ጎህ ሲቀድ ሊተነፍሱ ይወጣሉ። የመንደሩ ሰው ግን አፉን የሚከፍት እንስሳ የሚያውቀው አንድ ነው፤ የተራበ። ዓይን ሁሉ ወደ ሽታዬ ዞረ።

በጥር ወር አለቃዋ ጓድ ተሻለ አምቦ ቢሮው ጠራት።

«የቆሬ ዓሣ ምን ሆኖ ነው? ለላብ አደሮች ቀን እንደሚወጣ በዕቅድ ይዘነዋል።»

«ብርዱ ጓድ፣ የደጋ ውሃ ስለሆነ...»

«ብርዱን ነግረሽኛል። ምግቡስ በትክክል ይሰጣል?»

መስኮቱን አየች። ከቢሮው ውጭ አንድ ሰው መኪና ያጥባል።

«ይጣራ» አለች።

አንዲት ቃል ናት። በውስጧ የማንም ስም የለም፤ ስታወጣትም እንደ ውሸት አልከበደቻትም። ከአፍ ከወጣ ግን አፋፍ ነውና ቃሏ ከተሻለ ወደ ጊንጪ፣ ከጊንጪ ወደ ማኅበሩ ወረደች። የአብዮት ጥበቃ ሰዎች የሽታዬን ቤት ፈተሹ። የመደቡን ምንጣፍ አነሡ፣ ጎተራውን በረበሩ፣ ፉርሽካ ፈልገው አጡ። ማጣታቸው አላዳናትም። «ሸጣዋለች» ተባለ። «እጃጂ ለላሟ ትልከዋለች» ተባለ። ወንዝ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።

ከዚያ ወዲህ ሽታዬ አዲስ ልማድ አመጣች። ጠዋት ፉርሽካውን ከመበተኗ በፊት በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ጠርታ ሙሉውን ጆንያ ታሳያለች፤ በትና ስትጨርስ ደግሞ ጆንያውን ገልብጣ ታራግፋለች። መንገደኛው አንዳንዴ ይቆማል፣ ብዙ ጊዜ አይቆምም። የማይቆም ሲሆን ከኋላው ጆንያውን ይዛ ትንሽ ትከተለዋለች።

ሸዋገነት አንድ ቀን ይህን በዓይኗ አየች። ሽታዬ ጆንያውን እፊቷ ላይ ገለበጠችው፤ አቧራው ቀሚሷ ላይ ወረደ።

«እይው፣ ልጄ። አንቺ ስትናገሪ ይሰሙሻል። ንገሪልኝ።»

«እሺ፣ እነግራለሁ» አለች ሸዋገነት፤ ዝም ማለት ስላስፈራት ደግሞ «ላምዎ እንዴት ናት?» ብላ ጠየቀች።

«ወልዳለች አሉ። ጥጃዋን አላየሁትም።»

አልነገረችም። ዛሬ ነገ ስትል የካቲትም መጋቢትም አለፉ። አምቦ ሆና የቆሬ ሰው በገበያ ካየች በሌላ መንገድ ትዞር ነበር።

በሚያዝያ መጨረሻ ኩሬው ሊፈስ ቀን ተቆረጠ። የሁለቱም ማኅበር ወንዶች ተሰበሰቡ፤ ጓድ ተሻለ በላንድሮቨር መጣ። መውጫው ተከፍቶ ውሃው ቀስ በቀስ ሲወርድ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ክንድ የሚያህል ዓሣ ለመያዝ ተብሎ ትልልቅ ቅርጫት ተደርድሯል። ውሃው ጉልበት ሲደርስ ጭቃው እንደ ንፍሮ ይፍለቀለቅ ጀመር። ቀጭጨውም ተራብተው ነበርና ብዛታቸው ለጉድ ነው። የመጀመሪያው ቅርጫት ሲነሣ ግን ዓሣዎቹ በቅርጫቱ ቀዳዳ እየሾለኩ መልሰው ጭቃው ውስጥ ወደቁ።

ሰው ሁሉ አጎንብሶ ቅርጫቱን አየ። ከዚያ ፈየራ ራሱን እያከከ «ኦቦ ኤጄታ፣ ጥጃ ሰጥቼህ ጥጃ መለስክልኝ» አለ። ሳቅ ሆነ። ከኋላ አንዱ «ላሚቱስ? ላሚቱ እጃጂ በፉርሽካ ወፍራለች» አለ። አሁንም ሳቅ ሆነ፤ ይህኛው ግን የመጀመሪያውን አይመስልም።

«ቀላቢው ማን ነው?» አለ ጓድ ተሻለ።

ሁሉም ዞሮ ሲያያት ሽታዬ ከሰው መሐል ወጣች። ማንም ሳይነግራት ጆንያውን ይዛ መጥታ ነበር። እተሻለ ፊት ቆማ ገለበጠችው፣ አራገፈችው። ምንም አልወጣም። ኦሮምኛ የማይሰማው ተሻለ ምን እያለችው እንደሆነ አልገባውም፤ ጆንያውን አየ፣ ከዚያ ሸዋገነትን አየ።

«ጓድ ተሻለ» አለች ሸዋገነት በአማርኛ፣ «የምግብ ጉዳይ አይደለም። የተለቀቀው የጫጩት መጠን ከኩሬው የመሸከም አቅም በላይ ስለነበረ የዕድገት መቀጨጭ ተከስቷል።»

«ጥሩ» አለ ተሻለ። «በሪፖርትሽ ይግባ። ለወደፊቱ ይታረማል።»

ይኸው ነው። ስንት ወር የደበቀችው ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጣ፣ ማንም አልጮኸባትም፣ ሰማይም አልተደፋም። ትከሻዋ ቀለላት። ቀና ስትል ሽታዬ ባዶውን ጆንያ እንደያዘች አፍ አፏን እያየቻት ነው። አንድም ቃል አልገባትም። ሸዋገነት በዚያ ቅለቷ አፈረች፤ እስከዚያ ሰዓት ካፈረችው ሁሉ ይህ ባሰ።

«ምን አለች?» አለ ኤጄታ።

አማርኛ የሚያውቅ አንዱ «ዓሣው በዝቶ ነው አለች» ብሎ አስተረጎመለት።

«ማን አበዛው?»

 ዓይን ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ፈየራ ሄደ፤ ፈየራም ፊቱን አጠቆረ። «አደራ ነው የሰጠሁት፤ እሺ ብላችሁ አይደል የተቀበላችሁት?» አለ። ድምፁ ውስጥ የቀልድ ነገር አልነበረም።

«ኦቦ ኤጄታ» አለች ሸዋገነት፣ በዚያ በገበያ ኦሮምኛዋ። ቃል እየፈለገች፣ እየሰበረች ተናገረች። «ያን ቀን ጠየቁኝ። እውነቱን አውቅ ነበር። ዋሸሁ። ዓሣ እንደ ከብት ነው፤ ሲበዛ ይከሳል። አውቅ ነበር። ቤቴ መሄድ ፈለግሁ።»

በአማርኛ ቢሆን ማለዘቢያ ቃል አታጣም ነበር። በኦሮምኛ የምታውቀው የልጅ ቃል ብቻ ነው፤ የልጅ ቃል ደግሞ ምንም አይሸፍንም።

«አዴ ሽታዬ አልሰረቁም። ይጣራ ያልኩት እኔ ነኝ። ዓሣው አፉን የከፈተው ርቦት አይደለም፤ አየር አጥቶ ነው። እሱንም አውቅ ነበር።»

 «ጠየቅሁሽ እኮ» አለ ኤጄታ። «ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ አንቺን ጠየቅሁ። ባትማሪ ኖሮ አልጠይቅሽም ነበር።» ፊቱን አዞረና ለፈየራ እጁን ዘረጋለት። ፈየራ ተቀበለው። የሁለቱ ነገር በዚያ አለቀ፤ ለእሷ ግን ማንም እጅ አልዘረጋላትም።

«ሣሩ ይመለሳል?» አለች ሽታዬ።

«ዘንድሮ አይመለስም። ጭቃው ጠፍፎ፣ ምናልባት ከርሞ።»

«ላሜ እንግዲህ ከርሞም እዚያው ናት።»

 ሽታዬ ጆንያውን አጥፋ በብብቷ ያዘች።

«ስሚ። እኔን የሰደቡኝ እዚህ አይደለም። እዚህ ያለው ወንድ ነው፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ግማሹን ይረሳዋል፣ ግማሹን ያጣምመዋል። ሴቶቹ እየቤታቸው ናቸው። እየቤታቸው ነው የሰደቡኝ። አንቺም በየቤቱ ግቢና ንገሪ።»

ጓድ ተሻለ ላንድሮቨሩ ውስጥ ሆኖ መለከት ነፋ። «ሸዋገነት፣ ምንድን ነው የምታወሩት? ዝናብ እየመጣ ነው፣ እንሂድ።»

«እርስዎ ይሂዱ፣ ጓድ። እኔ ከጊንጪ በአውቶቡስ እመጣለሁ።»

«ሪፖርቱስ?»

«እሱም ይደርሳል።»

መኪናው ሄደ። ሽታዬ ከፊት፣ ሸዋገነት ከኋላ ሆነው ወደ መንደር ወጡ። በመጀመሪያው አጥር ላይ ሽታዬ ቆመች፤ አልገባችም። ሸዋገነት ብቻዋን ገባች። ድንቅቱ የምትባል ሴት ምስር ትለቅም ነበር። «ግቢ፣ ቁጭ በይ» አለቻት። ሸዋገነት አልተቀመጠችም፤ ከተቀመጠች የሚቀርብላትን መቅመስ ይመጣል። ቆማ ነገረቻት። ድንቅቱ መልቀሟን ሳታቋርጥ ሰማች፤ ሲያልቅ በበሩ በኩል ወደ አጥሩ አየች።

«ሸጣዋለች ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። ሰፌዱን አስቀመጠች፤ መነሣት ግን አልቻለችም። ሽታዬም ከአጥሩ አልተነቃነቀችም።

በሁለተኛው ቤት ሁለት ምራቶች «የዓሣ ሐኪሟ መጣች» ብለው ተሳሳቁ፤ ነግራቸው ስትጨርስ አንደኛዋ «ለዚህ ነው አለማያ ድረስ የሄድሽው?» አለቻት። ወጥታ ሄደች። በሦስተኛው ቤት በር ላይ የተቀመጠች አሮጊት እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ምን?» አለች።

«ጮክ በይ» አለች ሽታዬ ከውጭ። «አትሰማም።»

ሸዋገነት ጮክ ብላ ደገመችው። ዋሸሁ የሚለውን፣ ይጣራ ያልኩት እኔ ነኝ የሚለውን፣ ሽታዬ አልሰረቁም የሚለውን ሁሉ ለጆሮ በሚበቃ ድምፅ ተናገረች። በጩኸቱ ከጎረቤት ሴቶች ወጡ፤ አንዷ እጇ ሊጥ እንደሆነ፣ ሌላዋ ልጅ እንዳዘለች አጥር ላይ ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙ። አሮጊቷ «ገባኝ፣ ገባኝ» ብላ እጇን ከጆሮዋ አወረደች።

ሸዋገነት ወጥታ አጥር ላይ ያሉትን ሴቶች አየች። «እነዚህ ሰምተዋል» አለች ለሽታዬ።

«ሰምተው ሊሆን ይችላል» አለች ሽታዬ። «ቤታቸው ገብተሽ ንገሪያቸው።»

ሴቶቹ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ሸዋገነት የሊጧ ሴት የገባችበትን በር ተከትላ ገባች።